ክረምቱና የመምህርቷ ቤት

ሰኔ አልቆ የትምህርት ቤት ደወል ዝም ሲል፣ በከምባታ ዞን በምትገኘው አዲሎም ሆነ በዱራሜ፣ በሆሳዕናም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በመምህርነት ሥራ ላይ የምትገኝ እናት በሁለት ሐሳብ መካከል ትወድቃለች። አንደኛው «ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ከርሜአለሁ፤ አሁንስ ከራሴ ልጆች ጋር ልረፍ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሦስተኛ ክፍልን ያለፈው የራሴ ልጅ እንኳ አጥርቶ አያነብም፤ የጎረቤቶቼም ልጆች እንዲሁ፤ ታዲያ ሁለቱ ወር ዝም ብሎ ይለፍ?» የሚል ነው።

ሁለቱ ሐሳቦች የማይታረቁ ይመስላሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ሊታረቁ እንደሚችሉ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ውድ እናቶችና ሠራተኞች፣ መምህርት ያልሆናችሁትም ጽሑፉን አትለፉት። በፋብሪካ፣ በቢሮ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በገበያ የምትውል፣ ፊደል የለየች እናት ሁሉ በቤቷ ውስጥ መምህርት መሆን ትችላለች። መምህርቷን በምሳሌነት ያነሣናት የክረምቱ ዕረፍት በእጇ ስላለ፣ ሙያውም ስላላት ነው።

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

በመጀመሪያ ስለ ልጆቹ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ የአገራችን ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አልነበሩም። ገብተዋል፤ ደብተር ይዘዋል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ገልብጠዋል። ነገር ግን መገልበጥ ማንበብ አይደለም። ከምዘናው በኋላ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጅተዋል፤ ሐዲይኛ ከሰባቱ አንዱ ነው። መጽሐፉ መሻሻሉ ትልቅ ነገር ሆኖ ሳለ፣ መጽሐፉን ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የሚገልጥ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ንባብ እንደ መንገድ ነው፤ ካልተሄደበት ሣር ይበቅልበታል። በሰኔ «አለፈ» ተብሎ ወረቀት የተሰጠው ልጅ በመስከረም ሲመለስ ፊደሉ ተምታቶበት የሚገኘው፣ ሁለቱን ወር አንዲት ገጽ ሳይገልጥ ስለሚከርም ነው። ጉዳቱ የሚብሰው ደግሞ በሰኔ ገና በመንተባተብ ላይ በነበረው ልጅ ላይ ነው። ደኅና አንባቢ የሆነው የሚረሳው ትንሽ ነው፤ በቋፍ ላይ ያለው ግን ያቺኑ የያዛትን ይጥላታል።

ቀጥሎ ስለ እናቶች። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ባሏ ወይም ልጇ በዚያ የሚኖር እናት በስልኳ መልእክት ይደርሳታል። ማንበብ ካልቻለች ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ትሰጣለች። ምን ያህል ገንዘብ እንደተላከ፣ ለማን እንደተላከ፣ ባሏ ምን እንዳላት፣ ሁሉንም ከእርሷ በፊት ሌላ ሰው ያውቀዋል። ባንክ ስትሄድ ፎርሙን ሌላ ይሞላላታል፤ እርሷ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደምትሰጥ በቃል ይዛ ትመጣለች፤ ከረሳች ብልቃጡ ላይ የተጻፈው አይነግራትም። እንግዲህ ማንበብ የክብርና የገንዘብ፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነው ስንል ማጋነን አይደለም።

ክረምት የትምህርት ጊዜ የነበረበት ዘመን

ክረምትን ለንባብ ማዋል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው መፈክር በየቀበሌው ተሰምቷል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከመቶ ሰባት ያህል ብቻ እንደነበረ ይገመታል። መምህራንና ተማሪዎች የክረምት ዕረፍታቸውን ትተው ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወጡ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ አረጋውያን በትር ተደግፈው በዛፍ ጥላ ሥር ፊደል ቆጠሩ። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ ኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ ሐዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝታለች።

ሁሉም መልካም ነበር ማለት ግን አይደለም። በፍላጎታቸው የተማሩ እንደነበሩ ሁሉ፣ በቀበሌ ግፊት የገቡም ነበሩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ብዙዎች የምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ በኋላ የሚያነቡት ነገር በቤታቸው ስላልነበረ ፊደሉን መልሰው መርሳታቸው ነው። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ንባብ በዘመቻ ሊጀመር ይችላል፤ የሚጸናው ግን በቤት ውስጥ ነው። ዘመቻ ያልፋል፤ ማጀትና ምድጃ ይኖራል።

ውኃ ልቀዳ ብላ የወጣች ልጅ

ከከምባታ ምድር የወጣችውን የዶክተር ቦጋለች ገብሬን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በልጅነቷ ለሴት ልጅ የተፈቀደው ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና በቤት ሥራ ማገዝ ነበር። እርሷ ግን ውኃ ልትቀዳ የወጣች መስላ ተደብቃ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። በመንደሯ ከአራተኛ ክፍል በላይ የተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ለመሆን በቃች፤ ከዚያም በአዲስ አበባ፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርቷን ቀጠለች።

ትምህርቷን ይዛ ከአገር ውጭ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅቷ ጋር ሆና የከምባታ ሴቶች በአንድነት የሚቆሙበትን ድርጅት አቋቋመች። በየመንደሩ በተካሄዱ የማኅበረሰብ ውይይቶች የሴት ልጅ ግርዛትና የጠለፋ ጋብቻ በአካባቢው እጅግ እንዲቀንሱ ታግላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የንጉሥ ቦድዋን የአፍሪካ ልማት ሽልማትን ተቀበለች፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።

ይህን ታሪክ እዚህ ያነሣነው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው። ቦጋለች ፊደል ለመማር ከቤት መደበቅ ነበረባት። ዛሬ በእኛ ቤት ያለች ልጅ እንድትማር መደበቅ አይኖርባትም። ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ ወንድሟ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ እርሷ እንስራ ወይም ጀሪካን ይዛ የምትመላለስ ከሆነ፣ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የክረምቱ የንባብ ሰዓት የመጀመሪያ ደንብ እንግዲህ ይህ ይሁን፦ በዚያች ሰዓት ሴቷም ወንዱም እኩል ይቀመጣሉ፤ ውኃውንም ተራ ገብተው ይቀዳሉ።

በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ጽሕፈት

በከምባታና በሐዲያ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ለየት ያለ ችግር አለ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የከምባትኛና የሐዲይኛ ማስተማሪያዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ ልጆችም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚማሩት በዚሁ ነው። አማርኛን ደግሞ በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛን እንደገና በላቲን ይማራሉ። ስለዚህ በዘመቻው ፊደል የቆጠሩት አያት በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈውን የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ማንበብ አይችሉም። ልጁ ደግሞ አያቱ የሚያነቡትን ገና አልለመደም።

መምህርቷ ሙያዋ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ከሚደናገርባቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹን እንጥቀስ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያነብ፣ እንግሊዝኛው «ኤክስ» የሚለው ፊደል የ«ጥ»ን ድምፅ ይሰጣል፤ «ሲ» የሚባለው ደግሞ የ«ጭ»ን፤ «ኪው» የሚባለው የ«ቅ»ን። በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ግን እነዚሁ ፊደላት ሌላ ድምፅ ይሆኑበታል። ልጁ ቢሳሳት ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። «ይህ ፊደል በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ እንዲህ» ብሎ ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት ብቻ ብዙ ችግር ያቃልላል።

ሌላው የድምፅ መርዘም ነው። በላቲኑ አጻጻፍ የሚረዝም ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። እንሰት በሁለቱም ቋንቋዎች «ዌሳ» ነው፤ በመካከል ያለው ድምፅ ስለሚረዝም ሁለት ሆኖ ይጻፋል። በግዕዝ ፊደል ግን ይህ አይታይም፤ አንባቢው ከልማድ ያውቀዋል። አማርኛችንም እንዲሁ ነው፤ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ብቻ ነው። ለልጅ ይህን በጨዋታ ማሳየት ያስቃል፤ ሳይታወቀውም ያስተምራል።

አያትና የልጅ ልጅ እርስ በርሳቸው ቢማማሩ ደግሞ የበለጠ ያማረ ነው። አያት ልጁን ፊደል ያስቆጥሩታል፤ ልጁ በበኩሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን መጽሐፍ ለአያቱ ያነብላቸዋል። አያት ደግሞ ቃሉን በትክክል ያውቁታልና፣ ልጁ ሲሳሳት ወዲያው ያርሙታል። መምህርቷ ይህን ካመቻቸች በኋላ ቡናዋን ፉት እያለች ማዳመጥ ብቻ ነው የሚቀራት።

የቀኑ አርባ ደቂቃ

የክረምቱ ትምህርት የትምህርት ቤቱ ግልባጭ መሆን የለበትም። በቀን አርባ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። ሰዓቱ ግን የታወቀ ይሁን። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ልጁ ሳይደክም፣ የቀን ብርሃን ባለበት በር አጠገብ መቀመጥ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ለፊደል ይሁኑ። ፊደሉን በዜማ በቃል መውረድ ማወቅ አይደለም፤ ብዙ ልጆች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ይወርዱና ከመካከል አንዷን ስትጠቁሟቸው ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ፊደሎቹን በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ አደበላልቁ። ሠላሳ ሦስቱን በሰባቱ ስታበዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ መሸከም ለልጅ ከባድ ነው። ነገር ግን ሥርዓት አለው። ካዕቡ አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሣልሱ ከግርጌው፤ ኃምሱ ቀለበት ያጠልቃል። ሰ ራሱ ላይ መስመር ሲጨመርለት ሸ ይሆናል፤ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ ይሆናሉ። ልጁ ይህን ካስተዋለ ሸክሙ በግማሽ ይቀላል።

ቀጣዮቹ ሃያ ደቂቃዎች ለንባብ ናቸው። በመጀመሪያ መምህርቷ ጣቷን ከቃሉ በታች እያስኬደች ታንብብ፤ ሁለተኛ አብረው ያንብቡ፤ ሦስተኛ ልጁ ብቻውን ያንብብ። ሲሳሳት በችኮላ አታርሙት፤ እስኪጨርስ ጠብቁትና ወደ ቃሉ መልሱት። የታሪክ መጽሐፍ ከሌለ የትምህርት ቤቱ አሮጌ መጽሐፍ፣ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ፣ የሳሙናው ወረቀት፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ የታናሹ የክትባት ካርድ፣ ይህም ጋዜጣ ይነበባል። በገበያ ቀን ልጁን ይዞ ወጥቶ የሱቁን ስም፣ የመኪናውን ታርጋና የመንገዱን ምልክት ማስነበብም ትምህርት ነው።

የመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ለወሬ ይተዉ። «ምን አነበብህ? ማን ምን አደረገ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» እያሉ መጠየቅ ነው። ያነበበውን መልሶ መናገር የማይችል ልጅ ፊደል ጠራ እንጂ አላነበበም።

ለጎረቤት እናቶች ደግሞ ሰዓቱ ሌላ ነው፤ ቡና ሲፈላ። እናት ስትጀምር ከ«ሀ ሁ» ሳይሆን ከስሟ ትጀምር። የራሷን ስም፣ ከዚያ የልጆቿን፣ የባሏን፣ የቀበሌዋን ስም ትጻፍ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ብዙ ፊደሎች አሉ። ቁጥርን ገንዘብ ስትቆጥር ታውቀዋለችና፣ ከብሩ ወደ ወረቀቱ ማሻገር ብቻ ነው። ቀጥሎ በስልኳ ውስጥ ያሉትን ስሞች ትለይ። በሁለት ወር መጽሐፍ አትጨርስ ይሆናል፤ ነገር ግን ከልጇ የመጣውን መልእክት ማን እንደላከው ለይታ፣ ባንክ ሄዳ በጣት ሳይሆን በብዕር ልትፈርም ትችላለች። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ስለ መምህርቷም እናስብ

እስካሁን ስለ ልጆችና ስለ ጎረቤት ተናገርን። ስለ እርሷስ? ብዙ መምህራን ክረምቱን ለራሳቸው ትምህርት ወደ ሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም ወደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። በቤት የምትቀረውም ቢሆን ዓመቱን የተጠራቀመ የቤት ሥራ ይጠብቃታል፤ ቤት መለቅለቅ፣ ልብስ ማጠብ፣ እንሰት መፋቅና ቆጮውን ማዘጋጀት፣ ዘመድ መጠየቅ። በዚህ ሁሉ ላይ የንባብ ሰዓት ከተጨመረ ክረምቱ ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ ሌላ የሥራ ዓመት ይሆናል።

ስለዚህ ባሎች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት እንወዳለን። መምህርቷ አርባ ደቂቃ ስታስተምር ታናሹን ልጅ የሚይዝ፣ እሳቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ከሳምንቱ ሁለቱን ቀን ደግሞ አባት ራሱ ያስነብብ። አባቱ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ ያየ ወንድ ልጅ፣ ንባብ የወንድም ሥራ መሆኑን ያለ ምክር ያውቃል። ታላላቆቹ ልጆችም ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ፤ የሚያስተምር ልጅ ሁለት ጊዜ ይማራል።

ቅዳሜና እሑድ ደብተር አይከፈት። በእነዚህ ቀናት እናትና ልጆች አብረው ያብስሉ፤ በቆሎ ይጥበሱ፤ ድንች ቀቅለው በዳጣ ይብሉ፤ ዘመድ ይጠይቁ፤ ተረት ይጨዋወቱ። ተረት የሰማ ልጅ ተረት ማንበብ ይወዳል። መቆንጠጥና መገሠጽ በንባብ ሰዓት ቦታ የላቸውም፤ በእንባ የተማሩት ፊደል በመስከረም አይገኝም። ልጁ በትምህርት ቤት ያላገኘውን አንድ ነገር ከእናቱ ማግኘት አለበት። ይኸውም ቢሳሳት የማይስቅበት ሰው ነው።

ለመስቀል የሚደርስ ስጦታ

በሐዲያና በከምባታ የዓመቱ ታላቅ ቀን በመስከረም የሚውለው መስቀል ነው። የሐዲያ ሰው ያሆዴ፣ የከምባታ ሰው መሳላ ይለዋል። ወንዶች ለሰንጋው ገንዘብ የሚያጠራቅሙት፣ የሐዲያ እናቶችም በዊጆ ማኅበር ቅቤ የሚያጠራቅሙት ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ቀን ነው። አተካናው የሚጣፍጠው ቅቤው በትንሽ በትንሹ፣ ሳይቋረጥ ስለተጠራቀመ ነው። በአንድ ሌሊት ላጠራቅም ያለች እናት ለበዓሉ አትደርስም።

ንባብም እንደ ዊጆው ነው። በቀን አርባ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሲደመር ወደ ሠላሳ ሰዓት ይጠጋል። ሠላሳ ሰዓት ከእናት ጎን ተቀምጦ ያነበበ ልጅ በመስከረም ወደ ክፍሉ የሚገባው አንገቱን ደፍቶ አይሆንም። በበዓሉ ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ከሩቅ የመጣው አጎት የስልክ መልእክት ሲደርሰው፣ «ስጠኝ፣ እኔ ላንብብልህ» የሚል ልጅ በዚያ ቤት ይኖራል። ከጎኑም ስሟን መጻፍ የቻለች እናት ትኖራለች።

ውድ እናቶች፣ በአዲሎ ያላችሁም በሌላ ከተማ ያላችሁም፣ ነገ ጠዋት አንድ አሮጌ ካርቶን ቆርጣችሁ በከሰልም ቢሆን የልጃችሁን ስም ጻፉበት። ክረምቱ ገና ነው።